መጤ የተባለው አበባ

ሰባ አራት ዓመት የሞላት ሴት በማለዳ ተነስታ መኪናዋን የመቃብር በር ላይ አግድም ብትገትር ሰው ምን ይላል? ጃጀች ይላል። ይበል! አልቪና ኬስለር ፒክአፗን የጽዮን ተራራ መካነ መቃብር በር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገተረች፣ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች፣ የኋላውን መዝጊያ ወደ ታች ዘርግታ እላዩ ላይ ዘፍ አለች። ፔርሙዟን ከጎኗ አቆመች፣ የሟች አባቷን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ደፋች። የሚያነሳት ወንድ ካለ ይምጣ!

ስሙ ተራራ ይባል እንጂ ዙሪያውን አንድም ጉብታ የለም። በአራቱም ማዕዘን በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ዓይን እስኪደክም በቆሎና አኩሪ አተር። ያ ሁሉ መሬት ታርሷል። ማረሻ ነክቶት የማያውቅ አንድ ቁራሽ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም የሙታኑ ነው፤ ቀድመው የመጡት ሰፋሪዎች ገና አርሰው ሳይጨርሱ ልጆቻቸውን ይቀብሩ ስለነበር። የመቃብሩ ምሥራቅ ግማሽ የታጨደ ሣር ነው። ምዕራብ ግማሹን የአልቪና አባት አላሳጭድም ብሎ ሞተ። ከእሱ በኋላ አልቪና ተተካች፣ በየሁለት ዓመቱ ፀደይ ሲገባ ሣሩን እያቃጠለች፣ በተረፈው ጊዜ ማንም እንዳይነካው እየጠበቀች ይኸው አርባ ዓመት ሆናት።

እዚያ ግማሽ ውስጥ ነው ኮምፓስ አበባው ያለው። ሌሎቹ ተክሎች ቅጠላቸውን ለፀሐይ ይዘረጋሉ፤ እሱ ግን ቅጠሉን በጠርዙ አቁሞ አንዱን ጫፍ ወደ ሰሜን ሌላውን ወደ ደቡብ ያደርጋል። ሐምሌ ላይ ከሰው ቁመት ይበልጥና ቢጫ አበባውን ይደረድራል። አልቪናና ታናሽ እህቷ ዴሎረስ ልጅ ሳሉ ግንዱ ላይ የሚወጣውን ሙጫ እየለቀሙ ማስቲካ ያደርጉት ነበር፤ መራራ ነው፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ ግን ማን ይተወዋል?

የዱዌይን መኪና የማጨጃ ማሽኑን በተሳቢ ጭኖ፣ አቧራውን እያስነሳ መጣ። ዱዌይን የመቃብሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ከዚያም የባሰው፣ የዴሎረስ ባል ነው፤ ስለዚህ አልቪና በየገናው በዓል ራት ላይ እሱን ማየት አለባት።

«ደህና አደርሽ፣ አልቪና።»

«ደህና አደርክ። ማሽንህን ይዘህ ተመለስ።»

«ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ?»

«ሳትወርድ ብትመለስ ለጉልበትህ ይሻላል። ባለፈው ወር ነው ያሳከሙህ።»

ዱዌይን ወረደ። ጉልበቱን እያሸ ዙሪያውን አየና ሳቁን ዋጠው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አልቪናም ታውቃለች፣ ታውቃለችና ነው ይበልጥ የምትናደደው። ሰኞ የመታሰቢያው ቀን ነው። ሰው ሁሉ ፒዮኒ አበባውን በቡና ቆርቆሮ ይዞ ወደ ዘመዶቹ መቃብር ይመጣል። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ መቃብሩ ይታጨዳል፤ ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ነው። በየዓመቱ በምዕራቡ በኩል አንዱ አደናቀፈኝ፣ ሌላው እባብ አየሁ፣ ሦስተኛው ሙታናችንን ለአረም ሰጣችኋቸው ሲል የሚሰማው ዱዌይን ነው።

«ተስማምተናል አይደል እንዴ?» አላት። «በኮሚቴው ፊት እጄን ጨብጠሽ ቃል ገብተሽልኛል። ከመንግሥት የምትላከው የተክል ባለሙያ መጥታ ነባር ተክል ነው ብላ ከመዘገበች፣ እስከ ዕለተ ምጽአት አንነካውም። አይደለም ካለች ግን ይታጨዳል፣ የአረም መድኃኒት ይረጫል፣ ደህና ሣር ይዘራል። ይህን ተባብለናል ወይስ አልተባባልንም?»

«ተባብለናል።»

«ታዲያ መኪናው ምንድነው?»

«መኪናው ሴትዮዋ እስክትመጣ እጅህ እንዳያሳክክህ ነው። ና ቡና ጠጣ።»

መጥቶ ጠጣ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው እግራቸውን እያወዛወዙ ስለ ዝናቡ አወሩ። አልቪና ግን ዓይኗን ከምዕራቡ ግማሽ አላነሳችም። ያ መሬት የአባቷ ብቻ አይደለም። ከአበባዎቹ መሐል፣ ከሁሉም ትንሹ ድንጋይ ስር፣ አልቪና ከመወለዷ ከአሥር ዓመት በፊት የሞተችው ታላቅ እህቷ ኤርና አለች፤ አሥራ አንድ ወሯ ነበር። አልቪና አይታት አታውቅም። እናታቸው ግን ሐምሌ በመጣ ቁጥር ከእነዚያ ቢጫ አበቦች ስር ቁጭ ብላ ባቄላ ስትፈለፍል ነበር የምትውለው። እዚያ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ዓይኗ እያየ? ሞታ ነው እንጂ ቆማ አይደለም!

ሦስት ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ደረሰች። ሴትዮ አልኩ እንጂ ልጅ ናት፤ ቴሳ ሶረንሰን ትባላለች፣ ጫማዋ የሥራ ጫማ፣ አንገቷ በፀሐይ የተጠበሰ። በፒክአፑ ጎን ተሽሎክልካ ገባችና አንድ ሰዓት ሙሉ በሣሩ መሐል በጉልበቷ ስትድህ፣ ስትቆጥር፣ ስትጽፍ ቆየች። አንዳንዴ ለብቻዋ «ውይ! አንተም አለህ?» ትላለች። አልቪና ይህን ስትሰማ ልቧ ሞቅ አለ። አለቀ በቃ፣ አለች በሆዷ።

አላለቀም። ቴሳ ተመልሳ መጣች፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ የለም።

«ወይዘሮ ኬስለር፣ ቦታው በጣም ያምራል። ችግሩ ኮምፓስ አበባው ነው። ምዝገባው በእሱ ላይ ነው የሚቆመው፤ ሌሎቹ ሣሮች የትም አሉ። ይህን ይመልከቱልኝ።»

ታብሌቷን ዘረጋች። የግዛቱ ካርታ ነው፣ በየወረዳው ነጥብ አለበት። አበባው ከጥንት የነበረበት ወረዳ አረንጓዴ ነጥብ ነው። በሰው እጅ መጥቶ የበቀለበት ቀይ ነው። አረንጓዴው ከምሥራቅ እየሞላ እየሞላ ይመጣና ጎረቤት ወረዳ ላይ ቀጥ ይላል። የእነሱ ወረዳ፣ ክሬመር፣ ብቻዋን ቀይ ሆና ተቀምጣለች።

አልቪና መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አየች። ያው ቀይ ነው።

«መጤ ነው እያልሽኝ ነው?»

«እኔ ሳልሆን መዝገቡ ነው። የአበባው ድንበር እዚያ ጋ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ነው ያመጣው ይላል።»

«ድንበሩ ያ የጠጠር መንገድ ነው እኮ፣ ልጄ! ከዚህ ቆመሽ ድንጋይ ብትወረውሪ ትመቺዋለሽ። አበባው መንገዱን ሲሻገር መታወቂያ ጠየቁት? ኬላ ላይ አቆሙት?» አልቪና ከተቀመጠችበት ወርዳ ቆመች። «መጤ! መጤውን ላሳይሽ? እኔ ነኝ መጤ! አያቴ ናት ከባሕር ማዶ በመርከብ ስታስመልስ የመጣችው! ዱዌይን ነው መጤ፣ ይኸው አፍንጫውን እይው! አኩሪ አተሩ ከቻይና መጣ፣ ደህና የሚሉት ሣር ከአውሮፓ መጣ፣ እሱን ማንም ቀይ አልቀባውም! እዚህ አገር ሥሩን ከሰው ቁመት በላይ ጥልቅ የሰደደ ማን አለ? ማነው ማንን መጤ የሚለው?»

«አፍንጫዬን ምን አገባው?» አለ ዱዌይን።

ቴሳ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቀይ የሆነው በአንድ ማስረጃ ነው» አለች። «የጋዜጣ ቁራጭ ነው። 1976 ላይ የዚህ ሰፈር የሴቶች ክበብ መቃብሩን ለማስዋብ የሜዳ አበባ ዘር በፓኬት ገዝቶ ዘርቷል። የዘሩ ዝርዝር ተጽፏል። ኮምፓስ አበባ አለበት።»

የጋዜጣውን ፎቶ አሳየቻት። ‹ትጉሃን የክበባችን እመቤቶች ለአገራችን ሁለት መቶኛ ዓመት ክብር ሲሉ ባዶውን መካነ መቃብር በአበባ አለበሱት› ይላል። ከታች ጸሐፊዋ ፈርማለች። ኤ. ኬስለር።

ወሽመጧ ተቆረጠ። ያን ቀን አስታወሰችው። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሥራ አራት ሴቶች ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ ማረሻ ነክቶት በማያውቅ የአበባ ሜዳ ላይ በፓኬት የተገዛ የሜዳ አበባ ዘር በተኑ! አበባው ግራና ቀኛቸው ቆሞ እያየ! ከዚያም እሷ እቤቷ ገብታ፣ ባዶ የሚለውን ቃል በገዛ እጇ ጻፈች፤ ለወሬው ማሳመሪያ ነበር፣ ባዶ ሆኖስ አልነበረም። ጉራ! ሌላ ስም የለውም። የጋዜጣውን ቁራጭ እናቷ እንድታየው ፍሪጅ ላይ ለጥፋው ነበር፤ እናቷም አንብባ ምንም ሳትል ወጣች።

ዱዌይን አያት። አልሳቀም። መዋሸት ትችል ነበር እኮ። ‹ሌላ ኬስለር ናት፣ አንድም አልበቀለም› ብትል ማን ያስታውሳል? ከአሥራ አራቱ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ዘርተናል። እዚያ፣ አጥሩ ስር።»

«በቅሏል?»

«ያን ዓመት ዝናብ አልነበረም፣ ፌንጣም ነበር። ጥቂት ሳይበቅል አልቀረም። ግን እመሐል ያሉት የእኛ አይደሉም! እነሱ ያን ጊዜም ነበሩ። እህቴ 1934 ላይ ስትሞት ለድንጋይ የሚሆን ነገር አልነበራቸውም፤ እናቴ መቃብሯን የምታገኘው በአበባው ነበር። በአፏ ነግራኛለች።»

«አምንዎታለሁ» አለች ቴሳ፤ ከልቧ ነበር። «ግን መዝገቡ ቃል አይቀበልም። ተክሉ ከ1976 በፊት እዚህ ቦታ እንደነበር የሚያሳይ ቀን ያለበት ነገር ያስፈልገኛል። ፎቶ፣ የደረቀ ናሙና፣ የሆነ ነገር። አለዎት?»

አልነበራትም። በዚያ ዘመን ማን አረም ፎቶ ያነሳል?

ዱዌይን ኮፍያውን አወለቀ። «አልቪና፣ መኪናውን አንሺው። ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ አንቺም ጠብቂ።»

ስድብ ቢሰድባት በቀለላት ነበር። እጁን ጨብጣለታለች፤ እዚህ አገር ደግሞ እጅ ለእጅ ከተጨባበጡ አለቀ፣ ወረቀት አያስፈልግም። አልቪና ቁልፉን ከደረቷ አወጣች። ፒክአፑን አስነስታ፣ የማሽኑ ተሳቢ የሚያልፍበትን ያህል ብቻ ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገችው፤ ከዚያ በላይ አንድ ስንዝር አልጨመረችም።

ዱዌይን ግን ማሽኑን አላወረደም። እሷ ፊት ማጨዱ አሳፍሮት ይሁን አይታወቅም፣ የጠጠር ባልዲና ዲጂኖ ይዞ በእግሩ ወደ ምዕራቡ ግማሽ ገባ። ወደ ኤርና ድንጋይ ነው የሄደው። ድንጋዩ ያው እንደልማዱ ወደ ምሥራቅ ዘንብሏል። በየዓመቱ ከመታሰቢያው ቀን በፊት ይህን ድንጋይ ማቅናት የቤተሰቡ ወግ ነው፤ አባቷ ያቀናው ነበር፣ ባሏ ዋልተር እስኪሞት ያቀናው ነበር፣ ከዚያ ዱዌይን ተረከበ። በስሩ ጠጠር ይጠቀጥቃሉ፣ ቀጥ ይላል፣ በዓመቱ ዘንብሎ ይጠብቃቸዋል።

«ይህ ውርጭ እኮ መሬቱን እያሳበጠ፣ ድንጋዩን እያዘነበለ አጥንቴን ጨረሰው» አለ ዱዌይን ዲጂኖውን እየሰካ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት! አንድ ጋሪ ጠጠር በልቷል፣ ይህች ጣት የምታህል ድንጋይ።»

አልቪና ተከትላው ገብታ ቆማ ታያለች። ታያለች፣ ግን ስለ ማጨጃው ነው የምታስበው። ድንገት አፏ ተከፈተ።

«ዱዌይን፣ ውርጭ ድንጋይ ወዴት ነው የሚያዘነብለው?»

«ወደፈለገው ነዋ።»

«ይህ ለምን ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ?»

ሦስቱም ወደ ድንጋዩ ግርጌ አዩ። በምዕራብ በኩል፣ ከድንጋዩ ጋር ሊነካካ አንድ መዳፍ ሲቀረው፣ የኮምፓስ አበባው ቅጠሎች ከመሬት ወጥተዋል፤ ሰፋፊ፣ በጠርዛቸው የቆሙ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያመለክቱ። በየዓመቱ ሁሉም አይተውታል። ጠጠሩንም የሚጠቀጥቁት በወዲያኛው በኩል ነበር፣ ቅጠሉ እንዳይጎዳ።

«እጅህን አንሳ!» አለች አልቪና። «ዲጂኖውን አውጣው! ድንጋዩ በምን ላይ ነው የቆመው?»

«በሲሚንቶ ላይ ነዋ። አባትሽ ድንጋዩን ሲያቆሙ ከስር ሲሚንቶ አፍስሰዋል፣ ዋልተር ነግሮኛል። ሣሩ በልቶት ነው እንጂ ወደዚህም ወደዚያም ሰፊ ነው።»

አልቪና ኮፍያዋን አወለቀች። አባቷ! እርጥብ ሲሚንቶ ካየ ሚስማር አንስቶ ሳይጭርበት የማያልፈው አባቷ! የውኃው ፓምፕ ስር ቀን አለ፣ የጎተራው ደረጃ ላይ ቀን አለ፣ የውሻው ቤት ወለል ላይ እንኳ ቀንና የውሻው ስም አለ። የዱዌይንም አባት እንዲሁ ነበር፤ የማን አባት አልነበረም? በዚህ አገር ቀን ያልተጫረበት ሲሚንቶ የለም።

«እዚህ ስር ቀን አለ» አለች። «ሣሩን እንግለጠው።»

የዱዌይን ፊት ተለወጠ። «መቃብር ላይ አካፋ አይሰነዘርም። ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ በሕይወት ያለ ወንድምና እህት ሁሉ ካልፈቀደ አይነካም። ዴሎረስ አለች።»

«ጥራት!»

ዴሎረስ በቤት ጫማዋ፣ ሽርጧን እንዳሸረጠች፣ በሃያ ደቂቃ ደረሰች። ድንች ስትልጥ ነው የመጣችው፣ ቢላው እንኳ ኪሷ ውስጥ ነበር። የሚባለውን ሰማች፤ ፊቷ ቀላ።

«አይሆንም።»

«ዴሊ…»

«አይሆንም አልኩ! እማማ በመጨረሻዋ ሳምንት ሁለታችንንም እጃችንን ይዛ ምን አለችን? ኤርናን አታስቸግሯት አላለችም? ካንቺ ጋር አልጋው አጠገብ አልነበርኩም?»

«ነበርሽ።»

«ታዲያ ለአረም ብለሽ ልጅቷን ልትቆፍሪያት ነው?»

«ልጅቷን ማን ይቆፍራል? ሣሩን ነው፣ አንድ መዳፍ የሚሆን! ካልገለጥነው ዛሬ ማሽን ይመጣባታል፣ ነገ መድኃኒት። ያ ነው እረፍቷ?»

«ሁልጊዜ በጩኸት ነው የምታሸንፊኝ።»

«እኔ አልጮህኩም።»

«በር ላይ መኪና ገትረሽ አልጮህኩም ትያለሽ!»

ቴሳ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ዱዌይን የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ፤ በሁለቱ እህትማማቾች መሐል የገባ ወንድ ምን እንደሚገጥመው አርባ ስድስት ዓመት ተምሯል። አልቪና ልትመልስ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ከዚያ በሕይወቷ ለእህቷ ብላው የማታውቀውን አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዴሊ። ባዶ ነው ብዬ በጋዜጣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አበባዋን መጤ ያስባልኳት እኔ ነኝ። እማማ አንብባ ዝም አለችኝ፤ እስከዛሬ ያ ዝምታዋ ይቆጠቁጠኛል። አንቺ እምቢ ካልሽ አልነካውም። ግን ፈሪ ሆነሽ እምቢ አትበዪኝ።»

ዴሎረስ የኤርናን ድንጋይ አየች። ነፋሱ ሽርጧን ያገላብጠዋል። በመጨረሻ ከኪሷ ቢላዋን አወጣች።

«አካፋ አይነካትም» አለች። «አንቺም አትነኪያትም፣ ዱዌይንም አይነካትም። እኔ ነኝ የምገልጠው።»

በጉልበቷ ተንበረከከችና ሣሩን በድንች ቢላዋ ዙሪያውን ቀረደደችው። ከዚያ ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ምንጣፍ ጠቀለለችው። ከስሩ ሲሚንቶው ወጣ፤ ግራጫ፣ ሻካራ፣ አንድ ጎኑ ሽቅብ የተሰነጠቀ። በሽርጧ አፈሩን ጠረገች፣ ምራቋን ቀብታ በአውራ ጣቷ አሸችው። በሚስማር የተጫረ የአባታቸው የእጅ ጽሕፈት ነበር፣ የአምስት ቁጥሩ ሆድ ወደ ኋላ የሚገለበጥ።

5-24-41።

«ግንቦት 1941፤ ከመታሰቢያው ቀን በፊት ያለው ቅዳሜ ነበር» አለ ዱዌይን ቀስ ብሎ። «አባቴም ጎረቤት ወረዳ የአያቴን መቃብር ሲሚንቶ ያን ቀን ነው ያፈሰሰው።»

«ቀጥይ» አለች አልቪና።

ዴሎረስ ወደ ቅጠሎቹ እየተጠጋች ጠረገች። ሲሚንቶው ቅጠሎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ክብ ቀዳዳ ነበረው። የቀዳዳውን ዙሪያ የዛገ ቆርቆሮ ከብቦታል፣ ቀዳዳውን ደግሞ የክንድ ውፍረት ያለው ጥቁር ሥር ሞልቶታል። ሥሩ ወፍሮ ወፍሮ ቆርቆሮውን ወደ ውጭ ገልብጦታል፣ ሲሚንቶውን ሰንጥቆ በአንድ ጎን አንስቶታል፤ ድንጋዩን ለሰባ ሰባት ዓመት ወደ ምሥራቅ ሲገፋ የኖረው እሱ ነው። ዴሎረስ የቆርቆሮውን ጠርዝ ዳሰሰች። ጣቷ የመያዣ ጆሮው ላይ አረፈ።

«ባልዲ ነው» አለች። «የስብ ባልዲ ነው፣ ቂጡ የተቆረጠ።» ቀና ብላ እህቷን አየቻት። «አልቪ፣ የእማማ ሦስተኛ ባልዲ ነው!»

ሁለቱም ያን ባልዲ ያውቁታል። አይተውት አያውቁም፣ ግን ያውቁታል። ኩሽናቸው ውስጥ በልክ በልክ የተሠሩ ሁለት ባልዲዎች ነበሩ፣ ትልቁና ትንሹ። መካከለኛው የት ሄደ ብለው ሲጠይቁ እናታቸው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ትላቸው ነበር። በድርቁና በአቧራው ዘመን ማግስት፣ አንድ ባልዲ እንደ ሀብት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ያቺ ሴት ባልዲዋን ለባሏ ሰጠችው፣ ቂጡን አስቆረጠችው፣ በአበባው ዙሪያ አስተከለችው፣ ሲሚንቶውም በዙሪያው ፈሰሰ። ለሰባት ዓመት የልጇን መቃብር ያሳየቻትን አበባ ሲሚንቶ እንዲደፍንባት አልፈቀደችም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ልጇ የመቃብሩን ሜዳ ባዶ ብላ በጋዜጣ ስትጽፍ እንኳ አልተናገረችም።

አልቪና አለቀሰች። ተደብቃ ሳይሆን፣ አፏን ከፍታ፣ በአባቷ ኮፍያ አፍንጫዋን እየጠረገች። ዴሎረስ በአፈር እጇ ቁርጭምጭሚቷን ያዘቻት፣ ከመሬት ሳትነሳ።

ቴሳ መለኪያ ዘረጋች፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳች፣ የሥሩን ውፍረት ጻፈች። በሰባት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ማስረጃ አግኝታ አታውቅም። «ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ፣ ተክሉ በሕይወት አለ» አለች። «ወይዘሮ ኬስለር፣ ዛሬውኑ ነው የምልከው። ነጥቧ አረንጓዴ ትሆናለች።»

«አጥሩ ስር ያሉት ግን የኔ ናቸው» አለች አልቪና ፊቷን እየጠረገች። «እነሱንም ጻፊ። በፓኬት የመጡ ናቸው፣ አንዲት ጉረኛ ሴት ናት የዘራቻቸው በያቸው። አንድ ቃል እንዳትቀንሺ።»

«እነሱን እናጭዳቸው?» አለ ዱዌይን።

«ሞክርና እይ! መጡ እንጂ ምን አደረጉህ? አርባ ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ አንተ እዚህ ወረዳ ከመጣህ አርባ ስድስትህ ነው። ልጨድህ?»

ዱዌይን ሳቀ። ጉልበቱን እየያዘ ሳቀ፣ ከዚያ ወደ ተሳቢው ሄዶ ማሽኑን አወረደና የምሥራቁን ግማሽ ማጨድ ጀመረ። የጥንቱ ሣር ድንበር ጋ ሲደርስ ይዞራል፤ አንዴም አላለፈውም። ጨርሶ፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ላቡን እየጠረገ ወደ ሁለቱ እህትማማቾች ተመለሰ። ዴሎረስ የጠቀለለችውን ሣር ይዛ ትጠብቅ ነበር።

«መልሰን እናልብሰው?» አለች።

«አይለብስም» አለች አልቪና። «ሰኞ የሚመጣ ሁሉ ያንብበው። አረም ነው ያለ ሁሉ ተንበርክኮ ያንብበው።»

ዱዌይን የጠጠር ባልዲውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ ሳያስበው መዳፉን ወደ ኤርና ድንጋይ ዘረጋ፣ ሊያቀናው።

«ተው» አለችው አልቪና። «ይዘንብል።»